መቀመጫ ሌላ፣ ድምፅ ሌላ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የምርጫና የምክር ቤት መረጃን ራስዎ ለመመርመር

የምርጫ ውጤትም ሆነ የምክር ቤት ሥራ በይፋ የሚወጣ የሕዝብ መረጃ ነው። ከደሴ፣ ከወልዲያ፣ ከኮምቦልቻና ከሌሎችም የወሎ አካባቢዎች የጻፉልን አንባቢዎች መረጃውን በእጃቸው ይዘው እንዴት እንደሚያነቡት ጠይቀውናል። መልሶቹን ያዘጋጀነው ደብተር፣ እስክሪብቶና አንድ ኮምፒውተር ላለው ሰው ነው። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ በ2007ቱ ምርጫ ገዥው ግንባር ከነአጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰደ ተባለ። እንግዲያ ድምፅ የሰጠው ሰው ሁሉ ለእነሱ ነው የሰጠው? ይኸን የሚለይ ወረቀት አለ ወይ?
— አንድ አባት፣ ከኩታበር

መልስ፦ አባታችን፣ እንደዚያ ማለት አይደለም። በ2007 ኢህአዴግ 500፣ አጋር ድርጅቶቹ 47 መቀመጫ ይዘዋል፤ ይህ የመቀመጫ ቁጥር ነው። የሕዝቡ ድምፅ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ የሚገኘውም ከሌላ ሠንጠረዥ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ሦስት ተወዳዳሪዎች 9,200፣ 8,900 እና 7,600 ድምፅ አገኙ እንበል። ድምሩ 25,700 ነው። አንደኛው በ35.8 በመቶ ያሸንፋል፤ ሌላውን የመረጠው 64.2 በመቶ ሕዝብ ከዚያ ምርጫ ክልል ወንበር አያገኝም። ተመሳሳይ ውጤት በየምርጫ ክልሉ ከተደጋገመ አንድ ፓርቲ ከሦስት መራጭ አንዱን ብቻ ይዞ ምክር ቤቱን ሊሞላው ይችላል።

በእንግሊዝ በጎርጎርዮሳዊው 2024 ሐምሌ የሆነው ይኸው ነው። ሌበር ፓርቲ 33.7 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ650 መቀመጫ 411ዱን ወሰደ፤ ይህም 63 በመቶ ማለት ነው። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14.3 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 5 መቀመጫ ብቻ ደረሰው። 12.2 በመቶ ያገኙት ሊበራል ዴሞክራቶች ግን ደጋፊዎቻቸው በተወሰኑ አካባቢዎች ስለተሰባሰቡ 72 መቀመጫ ይዘዋል። ድምፅ የተበተነበት ፓርቲ እንደሚጎዳ፣ የተሰባሰበለት እንደሚጠቀም ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ስለዚህ የሚፈልጉት ወረቀት የአሸናፊዎች ስም ዝርዝር አይደለም። የሁሉም ተወዳዳሪዎች ድምፅ በየምርጫ ክልሉ የተጻፈበትን ይጠይቁ። የአሸናፊዎች ዝርዝር በየጋዜጣው ስለሚወጣ ብዙ ሰው እሱን ይዞ ይቀራል፤ ከእሱ ግን የድምፅ ድርሻ በምንም መንገድ አይወጣም።

ሙሉውን ሠንጠረዥ ካገኙ በኋላ የየፓርቲውን ድምፅ በሙሉ ይደምሩ፤ ከዚያ ለጠቅላላው ዋጋ ያለው ድምፅ ያካፍሉ። የየምርጫ ክልሉን መቶኛ ወስዶ አማካይ ማውጣት ትልቅ ስህተት ነው። አንድ ፓርቲ በአንዱ ምርጫ ክልል ከ40,000 ድምፅ 20,000፣ በሌላው ከ10,000 ድምፅ 9,000 ቢያገኝ፣ 50 በመቶና 90 በመቶ ሆኖ አማካዩ 70 ይመጣል። እውነተኛው ድርሻ ግን 29,000 ለ50,000፣ ማለትም 58 በመቶ ነው።

በድምፅና በመቀመጫ መካከል ያለውን ርቀት በአንድ ቁጥር መግለጽ ለሚሹ ደግሞ የጋላገር መለኪያ አለ። የየፓርቲውን የድምፅ መቶኛ ከመቀመጫ መቶኛው ይቀንሱ፤ ልዩነቱን በራሱ ያባዙ፤ ሁሉንም ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፤ ከዚያ ካሬ ሥሩን ያውጡ። ዜሮ ማለት ድምፅና መቀመጫ ተመጣጥነዋል ማለት ነው። በእንግሊዙ ምርጫ ከላይ የጠቀስናቸውን ሦስቱንና 23.7 በመቶ ድምፅ በ121 መቀመጫ ያገኙትን ወግ አጥባቂዎች ብቻ ይዘን ብናሰላው እንኳ 23 ገደማ ይመጣል፤ በጣም ከፍተኛ ነው።

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ "ወሎ በፓርላማ ስንት መቀመጫ አለው? በየምርጫው ማን አሸነፈ?" ይሉኛል። ለአማራ ክልል በአጠቃላይ አገኘሁ፤ ለወሎ ግን የትም የለም። የት ልፈልገው?
— መምህር፣ ከወልዲያ

መልስ፦ ቢፈልጉም አያገኙትም፤ ራስዎ መሥራት አለብዎት። ወሎ ዛሬ የአስተዳደር እርከን ስላልሆነ የትኛውም መሥሪያ ቤት በዚህ ስም አይደምርም። የቀድሞው ክፍለ ሀገር አካል የነበረው አብዛኛው መሬት አሁን በደቡብ ወሎ፣ በሰሜን ወሎ፣ በዋግ ኽምራና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች ተከፍሏል፤ ከፊሉም ወደ አፋርና ወደ ትግራይ ክልሎች ተካሏል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት "ወሎ ስንል የቱን ነው?" የሚለውን ከተማሪዎችዎ ጋር ወስናችሁ በሠንጠረዡ አናት ላይ ጻፉት። አራቱን ዞን የወሰደና ሁለቱን ብቻ የወሰደ ክፍል የተለያየ መልስ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

መነሻው የምርጫ ክልሎች ዝርዝር ነው። ከ547ቱ መቀመጫዎች የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። እነዚያን 138 ረድፎች በአንድ ገጽ ያስፍሩ። በመጀመሪያው ዓምድ የምርጫ ክልሉ ስም በሰነዱ እንደተጻፈ፣ በሁለተኛው ዞኑ፣ በሦስተኛው የሚያቅፋቸው ወረዳዎችና ከተሞች፣ በአራተኛው መረጃው የተገኘበት ሰነድና ገጽ ይግባ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓምዶች ለየምርጫው ይሁኑ፦ 1987፣ 1992፣ 1997፣ 2002፣ 2007፣ 2013። በዞን ሲያጣሩት የወሎ ሠንጠረዥዎ ይወጣል።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ዓምድ ነው። ወረዳ ይከፈላል፤ የምርጫ ክልል ግን ወረዳ በተከፈለ ቁጥር አብሮ አይከፈልም። ዳውንትና ደላንታ አንድ ወረዳ ነበሩ፤ ዛሬ ዳውንት በሰሜን ወሎ፣ ደላንታ በደቡብ ወሎ ነው። ላስታም ከቀድሞው ቡግና የወጣ ነው። የዛሬውን የወረዳ ዝርዝር ይዞ የ1992ን ውጤት የሚፈልግ ተማሪ "መረጃው ጎድሏል" ብሎ ይደመድማል፤ የጎደለ ነገር ግን የለም፣ ስሙ ነው የተለየው። መፍትሔው "የቀድሞ ስም" የሚል ዓምድ ጨምሮ እያንዳንዱን የዛሬ ወረዳ ከወጣበት ጋር ማያያዝ ነው።

ከካርታ ጋር ማያያዝ ከፈለጉም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ በነፃ የሚያሰራጨው የአስተዳደር ወሰን ካርታ እስከ ወረዳ ይወርዳል፤ ኪው-ጂ-አይ-ኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ ፕሮግራም ይከፈታል። ይሁንና የወረዳ ካርታ የምርጫ ክልል ካርታ አይደለም። ሁለት ወረዳ በአንድ ምርጫ ክልል ካለ ሁለቱን በአንድ ቀለም ይቀቡ፤ አንድ ወረዳ በሁለት ምርጫ ክልል ከተከፈለ ደግሞ በካርታው ላይ ወሰን ከመገመት በሠንጠረዥ ማሳየት ይሻላል።

የክልሉ ገዥ ፓርቲም ስም ይለዋወጣል። ኢህዴን በ1986 ብአዴን፣ በ2011 አዴፓ ሆነ፤ በ2012 ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ብልፅግና ሆነ። ኢህአዴግ ራሱ የአራት ድርጅቶች ግንባር ነበር፤ ሕወሓት ወደ ውህደቱ አልገባም፤ አጋር የነበሩት አምስቱ ግን ገብተዋል። ከተፎካካሪዎቹ አብን የተመሠረተው በ2010፣ ኢዜማ በ2011 ስለሆነ በ2007 ዓምድ ውስጥ "ዜሮ" ተብለው ሊገቡ አይገባም፤ "አልነበረም" ተብሎ ይጻፍ። ዜሮና አለመኖር በሠንጠረዥ ውስጥ ከተደባለቁ ተማሪው ተወዳድሮ የተሸነፈውንና ያልተወለደውን መለየት አይችልም።

ጥያቄ፦ የውጤት ፋይል አውርጄ በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው ሁሉ ዝብርቅርቅ ሆነ። ሌላው ፒዲኤፍ ነው፤ ኮፒ ሳደርገው የእንግሊዝኛ ፊደል ትርምስ ይወጣል። ምን ላድርግ?
— ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እኅታችን፣ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ፋይሉ አልተበላሸም። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ተጭነሽ አትክፈቺው። መጀመሪያ ባዶ ኤክሴል ክፈቺ፤ "ዳታ" ከሚለው ውስጥ ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን ምረጪ፤ የፊደል አመዳደቡን ሲጠይቅሽ 65001 የሚለውን፣ ማለትም ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8ን ስጪው። አማርኛው ይስተካከላል። ዝብርቅርቁን እንዳለ "ሴቭ" ካደረግሽው ግን ፊደሉ በዚያው ሊጠፋ ስለሚችል ዋናውን ፋይል ሳትነኪ በሌላ ቦታ አስቀምጪው።

ለፒዲኤፉ አንድ ሙከራ አድርጊ፦ ጥቂት መስመር ምረጪና ወደ ኖትፓድ ገልብጪ። ትክክለኛ አማርኛ ከወጣ ታቡላ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሠንጠረዡን ወደ ኤክሴል ያወጣልሻል። አንቺ እንዳልሽው የላቲን ትርምስ ከወጣ ሰነዱ የተተየበው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፎንቱን ጭኖ "ተስተካከለ" ይላል። ለዓይን ይስተካከላል፤ ሥሩ ግን ያው ላቲን ስለሆነ "ደሴ" ብለሽ ስትፈልጊ አታገኚውም፣ በፊደል ተራም አይደረደርም። ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማለፍ አለበት። በማውሱ ምንም መምረጥ ካልቻልሽ ደግሞ ሰነዱ ፎቶ ነው። ቴሰራክት የተባለው የጽሑፍ ማንበቢያ የአማርኛ ጥቅል አለው፤ ነገር ግን ስካኑ ቢያንስ በ300 ዲፒአይ ካልሆነ 3ን 8፣ 1ን 7 እያለ ያነብብሻል። ሠንጠረዡ ከ200 ረድፍ ካነሰ ሁለት ሰው ለየብቻ ቢተይበውና ሁለቱ ፋይሎች ረድፍ በረድፍ ቢነጻጸሩ ይሻላል። ሁለት ሰው በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ስህተት የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው።

ቀጥሎ የፊደላችን ጣጣ አለ። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ፤ መርሳ፣ መርሣ፤ ወረኢሉ፣ ወረ ኢሉ፤ ደሴ ዙሪያ፣ ደሴ ዙርያ። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ዓምድ አትንኪው፤ አጠገቡ ሌላ ዓምድ ክፈቺና በእሱ ላይ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ቀይሪ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሺ፤ ክፍተትና ሰረዝን አስወግጂ። እንደ "ዙሪያ" እና "ዙርያ" ያለውን ይህ ስለማይፈታው የቀሩትን በእጅሽ አንድ በአንድ አጣምሪ።

አንድ ጉዳይ ብቻ ልጨምር፦ 12,450 ከነነጠላ ሰረዙ እንደ ጽሑፍ ከገባ ኤክሴል ሲደምር ዝም ብሎ ይዘልለዋል እንጂ ስህተት ነው አይልሽም። ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ ወደ ግራ ከተጠጋ ጠርጥሪ።

ጥያቄ፦ በክልል ምክር ቤት ውጤት ላይ የተወዳዳሪዎች ድምፅ ድምር ድምፅ ከሰጠው ሰው ቁጥር ይበልጣል። በሬዲዮ ፕሮግራማችን ላይ "ያልተመዘገበ ሰው መርጧል" ብለን ልናቀርበው ነው። ትክክል ነን?
— ጋዜጠኛ፣ ከደሴ

መልስ፦ አታቅርቡት። ለተወካዮች ምክር ቤት ከአንድ ምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ ስለሚመረጥ አንድ መራጭ አንድ ድምፅ ነው። ለክልል ምክር ቤት ግን ከአንድ ምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካይ ይመረጣል። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው፤ ለ138 ምርጫ ክልል ቢካፈል ከሁለት በላይ ይደርሳል። መራጩ እስከ ተፈቀደው ተወካይ ቁጥር ምልክት ማድረግ ስለሚችል የድምፁ ድምር ከሰው ቁጥር ቢበልጥ የሚጠበቅ ነው። የሚመረመረው ድምሩ ከመራጮች ቁጥርና ከመቀመጫ ቁጥሩ ብዜት በልጦ ከሆነ ነው።

በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤትም 138 መቀመጫ ነው ያለው። ሁለቱን 138 አደባልቀው የሚዘግቡ ስላሉ የትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ሁልጊዜ አብራችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ "የ2007 የሕዝብ ቆጠራ" እና "የ2007 ምርጫ" የሚሉ ሰነዶች አግኝቼ በአንድ ዓመት የተደረጉ መስሎኝ የመራጩን ድርሻ አሰላሁ። ጓደኛዬ ተሳስተሃል አለኝ።
— ከሐይቅ

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ቆጠራው በጎርጎርዮሳዊው 2007፣ በእኛ 1999 የተደረገው ነው። ምርጫው በእኛ 2007፣ በእነሱ 2015 ነው። በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ። "የ2005 ምርጫ" የሚልም የ1997ቱን ማለቱ ነው። በሠንጠረዥዎ ላይ ሁለት የዓመት ዓምድ ይክፈቱ። ቀኑን ደግሞ ኤክሴል በራሱ እንዳይቀይረው አስቀድመው እንደ ጽሑፍ ይመድቡት፤ 13ኛ ወር የለውምና የጳጉሜን ቀን ሲያገኝ ወይ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል ወይ ቀኑንና ወሩን ያገላብጠዋል።

አዋጆችም ላይ ይኸው አለ። የምርጫ አዋጁ በአማርኛ 1162/2011፣ በእንግሊዝኛ 1162/2019 ተብሎ ይጠራል። አንድ አዋጅ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ የፓርላማ አባል የስንት ሰው ተወካይ እንደሆነ ማስላት ይቻላል? ከክልል ክልል እኩል ነው?
— ከከሚሴ

መልስ፦ ይቻላል፤ እኩልም አይደለም። የ1999ኙን ቆጠራ ለመቀመጫ ቁጥር እናካፍል። አማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ለ138፦ ወደ 125,000 ሰው ለአንድ መቀመጫ። ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ገደማ ለ178፦ ወደ 152,000። ሶማሌ 4.4 ሚሊዮን ለ23፦ ከ190,000 በላይ። ሐረሪ 183,000 ለ2፦ ወደ 92,000። በቆጠራው ጊዜ እንኳ የአንድ ሐረሪ ነዋሪ ድምፅ ከአንድ የሶማሌ ክልል ነዋሪ ድምፅ ከእጥፍ በላይ ይመዝን ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የመቀመጫውን ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ወስኖ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ያስቀምጣል። ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድና የምርጫ ክልሎች ወሰን በእሱ ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን ያዛል። አራተኛው ቆጠራ ግን በ2011 ተራዘመ፤ ሕዝቡ ሲጨምርና ሲንቀሳቀስ የመቀመጫ ድልድሉ ባለበት ቆሟል።

በዞን ደረጃም መሞከር ይቻላል። በዚያው ቆጠራ ደቡብ ወሎ 2,518,862፣ ሰሜን ወሎ 1,500,303፣ የእርስዎ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን 457,278 ሕዝብ ነበራቸው። በክልሉ አማካይ በ125,000 ሲካፈሉ 20፣ 12 እና ከ3 እስከ 4 መቀመጫ ይደርሳቸዋል። ይህ "በሕዝብ ብዛት ቢሆን" የሚል ግምት ብቻ ነው። በምርጫ ክልሎች ዝርዝር ላይ በትክክል ስንት እንዳላቸው ቆጥረው ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ነው ነገሩ የሚታየው። ከቆጠራው ወዲህ ያሉትን ዓመታት በትንበያ የሚሞሉ ሰነዶች አሉ፤ በዚህ በእኛ አካባቢ ግን ይጠንቀቁ። የቆጠራ ትንበያ የተለመደውን የልደት፣ የሞትና የፍልሰት ፍጥነት ነው የሚከተለው፤ በ2014 ጦርነት የተፈናቀለውንና የተመለሰውን ሕዝብ አያውቅም።

ጥያቄ፦ የመረጥነው ተወካይ በየአዋጁ ላይ ምን ድምፅ እንደሰጠ ማወቅ እፈልጋለሁ። በሌላ አገር በስም ተዘርዝሮ ይወጣል ይላሉ።
— ጠበቃ፣ ከደሴ

መልስ፦ እውነት ነው፤ በእንግሊዝ ምክር ቤት አባላት ተከፍለው ድምፅ በሰጡ ቁጥር የደገፈውና የተቃወመው በስም ይታተማል። በእኛ ተወካዮች ምክር ቤት ግን የተለመደው እጅ ማውጣት ነው፤ የሚነገረውም "በአብላጫ ድምፅ፣ በዚህን ያህል ተቃውሞና በዚህን ያህል ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ" የሚል ድምር ነው። ከድምር ወደ ግለሰብ መመለስ አይቻልም። "ፓርቲው ስለደገፈ እሱም ደግፏል" ብሎ መሙላት መረጃ ሳይሆን ግምት ነው፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ማንም ግምት መሆኑን አያስታውስም።

ሊሠራ የሚችለው የአዋጆች መዝገብ ነው፤ ለሕግ ባለሙያ ደግሞ በጣም የሚጠቅም ነው። ለእያንዳንዱ አዋጅ አንድ ረድፍ፦ ቁጥሩ፣ ረቂቁ ለምክር ቤቱ የቀረበበት ቀን፣ የተመራለት ቋሚ ኮሚቴ፣ የጸደቀበት ቀን፣ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተዓቅቦ፣ በስብሰባው የተገኙ አባላት፣ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣበት ቀንና ገጽ። የአዋጅ ቁጥር ከ1987ቱ አዋጅ ቁጥር 1 ጀምሮ ተከታታይ ስለሆነ የጎደለው ወዲያው ይታያል፤ ከ1132 በኋላ 1134 ካገኙ አንድ አዋጅ አምልጦዎታል።

"የተገኙ አባላት" የሚለውን ዓምድ አይተዉት። ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ስለሆነ ከ547 ወንበር 274 ሰው ሲገኝ ስብሰባው ይካሄዳል። ሁሉም ድምፅ ቢሰጡ 138 ድምፅ አዋጅ ያጸድቃል ማለት ነው፤ ከጠቅላላው ወንበር ሩብ ገደማ። "በሙሉ ድምፅ" የሚለውም በአዳራሹ የነበረውን እንጂ መላውን ምክር ቤት አይመለከትም። ረቂቁ ከቀረበበት እስከ ጸደቀበት ያለውን ቀን ሲያሰሉ ደግሞ የምክር ቤቱን የሥራ ዘመን ያስቡ፦ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለ። በሰኔ ቀርቦ በጥቅምት የጸደቀ አዋጅ አራት ወር ሙሉ የተመረመረ እንዳይመስልዎት።

ቃለ ጉባኤውን ካላገኙ መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። "የምክር ቤቱን ሰነዶች በሙሉ" የሚል ማመልከቻ ይንከባለላል፤ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በጸደቁ አዋጆች ላይ የተሰጠው የድምፅ ቁጥር" የሚለው ግን ሰውየው ፋይል ከፍቶ የሚመልሰው ነው። የገቢ ማህተምና ቀን ያለበትን ቅጂ ይያዙ፤ ምላሽ ካጡ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚወስዱት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ በምርጫ ጣቢያችን በር ላይ የሚለጠፈውን ውጤት ሰብስበን የወረዳችንን ድምር ራሳችን ማውጣት እንችላለን? የመራጮች መዝገብንስ ፎቶ ብናነሣ?
— የወጣቶች ቡድን፣ ከመርሳ

መልስ፦ ውጤቱን አዎ፤ መዝገቡን አይሆንም። መዝገቡ የጎረቤቶቻችሁ ስምና አድራሻ ነው። ለእይታ ክፍት የሚሆነው ሰው ስሙን አይቶ እንዲያርም እንጂ በስልክ ተገልብጦ እንዲዞር አይደለም። የተለጠፈውን ውጤት ቅፅ ግን የጣቢያውን አስፈፃሚ አስፈቅዳችሁ አንሡ፤ የጣቢያው ስምና መለያ በፎቶው ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ፤ ያለሱ ፎቶው ዋጋ የለውም። ይፋ ውጤት የሚያውጀው ምርጫ ቦርድ ስለሆነ የእናንተ ድምር የጥናት ቅጂ መሆኑን በየገጹ ጻፉ።

እስከዚያ ልምምድ ከፈለጋችሁ የኬንያ የምርጫ ኮሚሽን በጎርጎርዮሳዊው 2022 የፕሬዚዳንት ምርጫ የ46,229 ምርጫ ጣቢያዎችን ቅፅ በፎቶ ለሕዝብ ከፍቶ ነበር። የጣቢያው ቅፅ 34ኤ፣ የምርጫ ክልሉ 34ቢ፣ የአገሩ 34ሲ ይባላል። ሃምሳ 34ኤ ወስዳችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተይቡ፤ ከዚያ ከ34ቢ ጋር አነጻጽሩ። የእጅ ጽሑፍ ቁጥር ማንበብ ምን እንደሚመስል በዚያ ይገባችኋል።

ለእያንዳንዱ ቅፅ አራት ፍተሻ ይበቃል። የተወዳዳሪዎች ድምፅ ድምር ዋጋ ካለው ድምፅ ጋር ይስማማል? ዋጋ ያለውና ዋጋ አልባው ተደምሮ ከሳጥን ከወጣው ወረቀት እኩል ነው? ከሳጥን የወጣው ከተመዘገበው አይበልጥም? ጣቢያው የተረከበው ወረቀት ከተጠቀመበት፣ ከተበላሸውና ከተረፈው ድምር ጋር ይመጣጠናል? በ2013 ምርጫ ለአንድ ጣቢያ የተፈቀደው ተመዝጋቢ እስከ 1,500 ስለነበር ከዚያ በላይ ያለው ረድፍ ወደ ቅፁ ተመልሶ መታየት አለበት።

ልዩነት ስታገኙ መጀመሪያ ለ9 አካፍሉት። 1,423 መጻፍ ሲገባ 1,243 ከተጻፈ ልዩነቱ 180 ነው፤ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አጎራባች አኃዞች ተቀያይረው ሲጻፉ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሌሊት ሲቆጥር ያደረ ሰው በብዛት የሚሠራው ስህተትም ይኸው ነው። የአንዱ ድምፅ በሌላው መስመር ላይ የተጻፈበት ቅፅ ደግሞ ድምሩ ልክ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ስህተት ነው፤ እሱን የሚይዘው ፎቶውን ማየት ብቻ ነው። የቤንፎርድ ሕግ የሚባለውን የመጀመሪያ አኃዝ ፍተሻ ግን ተዉት፤ የጣቢያዎች መጠን ተቀራራቢና ገደብ ያለው ስለሆነ በንጹሕ ቆጠራ ላይም "ችግር አለ" ይላችኋል።

ስህተቶቹን ሁሉ ከዘረዘራችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ ማንን እንደጠቀመ በአንድ ዓምድ ጻፉ። ወደ ሁሉም ወገን የተበተነ ከሆነ የድካምና የችኮላ ስህተት ነው፤ እንደዚያው ጻፉት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የጣቢያዎቹን መለያ፣ ፎቶውንና ስሌቱን አያይዛችሁ፣ መጀመሪያ ለምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስገቡና የገባበትን ቀን ያዙ።